ቅርፊቱ እስኪረግፍ

እናቴ አልታዬ ሳትቆጣ ሥራ አይሆንላትም ነበር። ሊጥ ስታቦካ ትቆጣለች፣ ጓሮ ስትኮተኩት ትቆጣለች፤ ሰው "እንዴት አደርሽ" ሲላት እንኳ "ማደሩንስ አድሬያለሁ" ብላ ነው የምትመልሰው። እኔ ልጇ ሐረግ ጠባይዋን ስለወረስኩ አልፈርድባትም። ደግሞ በ1968 ዓ.ም. ግንቦት፣ ቤታችን ተዘግቶብን በተቀመጥንባቸው ሳምንታት ያልተቆጣ ሰው፣ እሱ ሰው አይደለም፣ ግንድ ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አባቴ አድማሴ በክፉው ቀን፣ በስድሳ ስድስት፣ እህል ፍለጋ ወደ ደሴ እንደወጣ ቀረ። በሬዎቻችን ከእሱ ቀድመው አልቀዋል። እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ውበቱ የተረፍነው ከምንጩ ግርጌ ባለች ማሳ ነው። ማሳዋ ግማሽ ጥማድ ብትሞላ ነው፤ ነገር ግን ሌላው መሬት ሁሉ ሲሰነጣጠቅ እሷ እርጥበት አላጣችም። ጎመንና ድንች አበቀለችልን፣ እሱን እየቀቀልን ከረምን። መሬቱ የባላባቱ ነበር፣ እኛ ጭሰኞች ነበርን።

አብዮቱ መጥቶ መሬት ላራሹ ሲባል እናቴን ስትስቅ አየኋት። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ ጎረቤታችን አሻግሬ ሊቀመንበር ሆነ፣ እናቴም በባሏ ምትክ የቤት ኃላፊ ተብላ ተመዘገበች። በእኛ በኩል ያለው ለም መሬት ስድስት ቦታ ተሸንሽኖ ለስድስት ቤተሰብ በዕጣ ሊታደል ለግንቦት ሃያ አንድ ቀን ተቆረጠ። የምንጭ ግርጌዋ ማሳ ከስድስቱ አንዷ ነበረች። እናቴ የቀሩትን አምስቱን ዞር ብላም አላየቻቸው። ሌሊት ተነስታ ለማርያም የምትነግራት ስለዚያች ማሳ ብቻ ነበር።

ግንቦት በገባ በሦስተኛው ቀን ውበቱን ፈንጣጣ ያዘው። ፈንጣጣን ለማጥፋት በየመንደሩ የሚዞረው ሀኪም በበቅሎ መጣ፤ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። እናቴንና እኔን ክንዳችን ላይ በመርፌ ከተበን፣ መንደሩን ሁሉ ከተበ። ውበቱ እንደማይሞት፣ በሽታው ቀላል እንደሆነ ነገረን። ከዚያ ግን "እትዬ፣ የመጨረሻው ቅርፊት እስኪረግፍ ከዚህ ቤት የሚወጣም የሚገባም የለም" አላት።

"የመጨረሻው የሚረግፈው መቼ ነው?"

"እሱን የሚያውቀው ቅርፊቱ ነው" ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

በደጃፋችን ላይ ዘበኛ አቆመብን። ዘበኛው ገበየሁ ነበር። በልጅነቱ ፈንጣጣ ፊቱን ስለበሳሳው በሽታው ዳግመኛ አይዘውም፤ የተመረጠውም ለዚያ ነው። በመንደሩ ከክፉው ቀን ሁለት በሬ ያተረፈ እሱ ብቻ ስለነበር ኩራቱ አይጣል ነው። በቀን አበል እየታሰበለት ከደጃችን ወይራ ሥር ተቀምጦ ዱላውን ሲልግ ይውላል፤ አንዳንዴም እናቴን "አብሽሪ አልታዬ፣ ያልፋል" ይላታል። እሷ ደግሞ ከዚህ ቃል የባሰ የሚያናድዳት ነገር አልነበረም።

"ዶሮዎቹስ?" አለችው አንድ ቀን።

"ምን ሆኑ?"

"ሲወጡ ሲገቡ ይውላሉ። ትናንት ያች ቀይዋ ከአሻግሬ ቤት ነው የዋለችው። እነሱን የማትመልሳቸው ለምንድን ነው?"

"ስለ ዶሮ ሀኪሙ ያለኝ ነገር የለም።"

ውሃ የምትቀዳልን ጎረቤታችን ሸጋዬ ነበረች። ደጅ ባስቀመጥነው እንስራ ውስጥ ከሩቅ ሆና እጇን ዘርግታ ውሃውን ስትገለብጠው ግማሹ መሬት ይጠጣዋል። እንጨት አለቀብንና ከአጥራችን እየነቀልን አነደድን። ሦስታችን አንድ ጎጆ ውስጥ እየተጋፋን፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሁለቱ እየተቆጡ ከረምን። እኔ ከእናቴ ጋር በጨው ተጣላሁ፣ በእሳት ተጣላሁ፣ በቁና አስቀማመጥ ሳይቀር ተጣላሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን የቅርፊቱ ነገር ነበር። እናቴ ጎህ ሲቀድ ውበቱን ደጅ ታወጣውና እንደ ቅማል ትፈትሸዋለች። ፊቱ ጠራ፣ ክንዱ ጠራ፣ ጀርባው ጠራ። ግንቦት አሥራ ስምንት ላይ የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም የውስጥ እግሩ ላይ፣ ከጠነከረው ቆዳ ሥር ተቀብረው ጥቁር ባቄላ መስለዋል። ቅቤ ቀባቻቸው። በሞቀ ውሃ ዘፈዘፈቻቸው። ወንድሜን ሆን ብሎ እንደያዛቸው ሁሉ "አንተ ልጅ፣ ልቀቃቸው እንጂ" ብላ ጮኸችበት። ልጁም እያለቀሰ "እኔ ምን ላድርግ፣ እነሱ ናቸው" አላት። አዘንኩለት፣ ግን እኔም ተናድጄበት ነበር።

በአገራችን ዕጣ ሲጣል እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል፦ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የጥይት ቀለህ። ምልክቶቹ በነጠላ ይጠቀለሉና የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ የማያውቅ አላፊ መንገደኛ ተለምኖ አንድ በአንድ እያወጣ በየማሳው ላይ ያኖራቸዋል። ምልክቱ ከባለቤቱ እጅ ካልወጣ ዕጣው ዕጣ አይደለም። እናቴ በቅርፊቱ ተስፋ ስትቆርጥ ከአንገቷ አንዲት ሰማያዊ ጨሌ ፈታች። ገበየሁን ጠርታ እያየ በድስት ቀቀለቻት፤ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ነው የቀቀለቻት። ከዚያ በጭልፋ አውጥታ ድንጋይ ላይ አኖረችለት።

"ይህችን ለአሻግሬ ስጥልኝ። አንተን እንደሆነ በሽታው አይነካህም" አለችው።

ገበየሁ እያጉረመረመም ቢሆን ወሰደላት። ማታ ባዶ እጁን ተመለሰ።

"ሰዎቹ ከዚያ ቤት የወጣ ነገር ነጠላችን ውስጥ አይገባም አሉ። ከመሬት አንድ ጠጠር አንስተን እንጥልላታለን ብለዋል።"

"ጨሌዬስ?"

"ቀበሯት።"

እናቴ የአንገቷን ክር ዳበሰች። በኋላ "እነሱ ያነሱት ጠጠር የእነሱ ነው። ሲወጣ የእገሌ ነው ቢሉ ምን ብዬ እከራከራለሁ?" አለች።

ግንቦት ሃያ አንድ ጠዋት ገላዋን ታጠበች፣ ቀሚሷንም ቀቅላ እርጥቡን ለበሰችው። ውበቱን ለእኔ ትታ በነቀልነው አጥር በኩል ወጣች። ገበየሁ ሲያያት ዱላውን ይዞ ሮጠ፤ ግን አንዲትን ሴት በዱላ ማን ይመታል? "አልታዬ ተመለሺ፣ እንጀራዬን ታሳጪኛለሽ" እያለ ከኋላዋ ተከተለ። እኔ ከአጥሩ ሆኜ ሁሉንም አየሁ፤ ምንጩ ከቤታችን ቁልቁል ይታያል።

ሰዎቹ ከማሳው ዳር ተሰብስበው፣ አንድ ባለ አህያ መንገደኛ እጁን ነጠላው ውስጥ ሊከት ነበር። እናቴ መምጣቷን ሲያዩ ያ ሁሉ ሰው እንደ ፈራረሰ ክምር ተበተነ። መንገደኛው ነጠላውን ጥሎ አህያውን እየነዳ ጠፋ። እናቴ ወደ ማንም አልተጠጋችም። ወደ ማሳዋ መሃል ገብታ ተቀመጠች።

አሻግሬ ከዳገቱ ሆኖ "አልታዬ፣ ሕዝብ ልትፈጂ ነው?" አላት።

"ማንንም አልነካሁም። ምልክት አትቀበሉኝም ካላችሁ እኔው ራሴ ምልክት ነኝ። ይህች ማሳ የደረሰችው ሰው መጥቶ ያስነሳኝ።"

ማንም አልመጣም። እስከ እኩለ ቀን ሲጨቃጨቁ ቆይተው በአምስቱ ማሳ ላይ አምስት ምልክት ጣሉ። የተቀመጠችባትን ግን ማንም በነፃ ቢሰጡት የሚወስድ አልነበረም፤ በሽታው አፈሩ ውስጥ ገብቷል ተባለ። አሻግሬ "ያንቺ ናት፣ ውሰጃት" ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈላት። እናቴ ወደ ቤት ስትመለስ አቅፋኝ አለቀሰች። ሦስቱ ቅርፊቶች በስምንተኛው ቀን ረገፉ፤ ሀኪሙም መጥቶ ቤቱን ከፈተልን። በእኛ ምክንያት የታመመ አንድም ሰው አልነበረም።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጣለ። የሚያርስልን ሰው ግን ጠፋ። እናቴ በየቤቱ ዞረች። አንዱ ያለኝ አንድ በሬ ደክሟል አላት፣ አንዱ ከርቀት እያየ በሩን ዘጋው። እኔና እሷ በዶማ ሦስት ቀን ቆፍረን አንድ ጥግ እንኳ አልጨረስንም። በአራተኛው ቀን ገበየሁ በሬዎቹን ጠምዶ ከማሳው ራስ ቆመ። ደጃችን ላይ የከረመ፣ የማይፈራንም ሰው እሱ ብቻ ነበር።

"ያን ቀን አምልጠሽ የስምንት ቀን አበሌን አስቀርተሽብኛል" አላት። "አርስልሻለሁ፣ ግን እኩል እንካፈላለን።"

"እኩል የወሰደብኝስ ባላባቱ ነበር።"

"ባላባቱ በሬ ይዞ አልመጣም። እኔ መጥቻለሁ።"

እናቴ ሰማዩን አየች። ዘሩን ካልዘራን ክረምቱ ሊያመልጠን ነው። ዶማውን ወርውራ ዳር ቆመች፣ እሱም ማረስ ጀመረ። በዚያ ቀን የሰደበችውን ስድብ እኔ እዚህ አልጽፈውም።

በሚቀጥለው ዓመት የሰዉ ፍርሃት ወጣለት። ግን ሌላው ሁሉ የራሱን መሬት ሊያርስ በሬ እየተዋሰ ነበር፤ እኛም በሬ አልገዛንም፣ ስለዚህ ገበየሁ ቀረ። በየኅዳሩ እናቴ ክምሩን ወቅታ በቁና ስትሰፍር አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኛ ታደርጋለች። ቁናውን አታጎድልም፤ ንዴቷን ግን በእያንዳንዱ ስፍር ታሰማዋለች። ገበየሁም ለምዶት ጆንያውን ይዘረጋል።

አርጅታ ከአልጋ ከዋለች በኋላ "ያችን ማሳ በማግኘትሽ ደስ ብሎሽ ያውቃል?" ብዬ ጠየቅኋት። ነገር ልፈልጋት ነበር፣ እንድትቆጣ። አልተቆጣችም።

"መሃሏ ቁጭ ብዬ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ፣ ያን ቀን ሙሉዋ የኔ ነበረች" አለችኝ። "አንድ ቀን ነው።"