«ቁልፉን ያዢ»

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ቁልፍ የሚባል ነገር ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው የበሩ ነው። ሁለተኛው የስፌት መኪናዋ ብሎን ሲላላ የምናጠብቅበት ብረት ነው። ሦስተኛው በወተት ዱቄት ጣሳ የሚቀመጠው፣ የቆዳ ቦርሳ አፍ ላይ ተመትቶ ጠቅ ብሎ የሚገጥመው ነው። እማዬ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ቁልፍ አምጪ» ስትለኝ እጇን አይቼ እለያለሁ። ዘይት ከነካት ብረቱን፣ መዶሻ ከያዘች ጣሳውን አመጣላታለሁ። ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

ለውጥ መጣ ተብሎ ሐይቅ ከተማ በመኪና ጡሩንባ በደነቆረችበት ሰሞን እማዬ ልብስ መስፋት ትታ ወደ ቆዳ ዞረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደገችን በዚያች የስፌት መኪና ነው። ቤቱ ቆዳና የመኪና ዘይት ብቻ ሸተተ፤ ሐይቁ ዳር የሚጠበሰው ዓሣ እንኳ አያሸንፈውም። ክፍል ስገባ ልጆቹ «ፍየሏ መጣች» ይሉኛል። እኔ ግን ቅር አይለኝም፤ የቦርሳቸው ማንገቻ ሲበጠስ የሚመጡት እኛው ቤት ነዋ!

ከዚያ ጦርነቱ በውጫሌ በኩል ቀረበ። የእኔ እኩያ ያን ጠዋት አይረሳውም፤ ሁሉም ያገኘውን ተሸክሞ ወደ ደሴ ይጎርፋል። እማዬ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ደጅ ቆማ «ዘይኑ፣ ቁልፉን ያዢና ውጪ!» ብላ ጮኸች። እጇን አየሁ። መዶሻ ይዛለች። ለምን እንደያዘች እስከ ዛሬ አታውቀውም። እኔም እንደ ልማዴ ጣሳውን አቅፌ ወጣሁ፤ እሷም ሲጫኑት የሚዘጋውን ጓጉንቸር ጠቅ አድርጋ መንገድ ጀመርን።

ደሴን ካለፍን በኋላ «በይ ቁልፉን ስጪኝ፣ ደረቴ ውስጥ ልክተተው» አለች። ጣሳውን ሰጠኋት። አየችው፣ አየችኝ። «ያ ረቢ!» ብላ መሳቅ ስትጀምር መንገደኛው ሁሉ ያበደች መስሎት ዞሮ አያት። ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። የበሩ ቁልፍ ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ደብረ ብርሃን የተጠለልነው በር በሌለው የትምህርት ቤት ክፍል ነበር። ብርዱ አይጣል ነው። እማዬ ግን ከብርዱ በላይ የከነከናት የበሩ ነገር ነው። «ሴት ልጅ ይዤ ደጁ ክፍት ሆኖ አልከርምም። እኛ ተፈናቀልን እንጂ እጄ አልተፈናቀለም» አለችና የልብስ ሰፊዎችን ሱቅ ማንኳኳት ያዘች። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ጨርቅ የለበሰች መኪና አሳዩን። «ቆዳ ላይ ክር ትዘላለች። ካሠራሻት ሥሪባት፤ እንቢ ካለችሽ ግን አትድከሚ» አሏት።

እማዬ መርፌውን አውጥታ ጫፉን በጥፍሯ ሞከረችው፤ ዶልዱሟል። ወፍራም መርፌ ቀይራ በቁራጭ ቆዳ ሞከረቻት። ክር ዘለለ። ክሩን ከላይም ከታችም አውጥታ እንደገና አስገባች። አሁንም ዘለለ። «ነግሬሽ ነበር እኮ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «አብሽሩ ጋሼ፣ አኩርፋ ነው እንጂ አልሞተችም» አለችና ዘይት የነካ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ «ቁልፍ!» የጋሽ ታደሰን ብረት አቀበልኳት። መርፌው የሚታሰርበትን ብሎን ፈትታ ብታየው የድሮ መርፌ ስባሪ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀርቅሯል። አዲሱ መርፌ እስከ ላይ አልገባም ነበር ማለት ነው። ስባሪውን አውጥታ መርፌውን ገፋ አድርጋ አሰረችው፣ ሳሙናም ቀባችው። መኪናዋ ቆዳውን እንደ እርጥብ ጨርቅ መብላት ጀመረች።

ከዚያ የጣሳው ተራ ደረሰ። እማዬ በዚያች መዶሻ ቁልፎቹን እየመታች፣ ከእያንዳንዱ ኋላ ክብ ቁራጭ ቆዳ እንዳደርግ ታዘኛለች። «ከኋላው ደጋፊ የሌለው ቁልፍ ከነቆዳው ይነቀላል» ትለኛለች። ጣሳው ሲጎድል ቦርሳው በዛ፤ በቦርሳውም በር ያለው ክፍል ተከራየን። የመጀመሪያው ምሽት እማዬ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ሐይቅ ስንመለስ በራችን ተገንጥሎ ወድቋል፣ ጥለናት የሄድነው የስፌት መኪናም የለችም። ባዶው ግድግዳ ላይ ግን ቁልፉ ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እማዬ አወረደችውና ሳቀች፤ «አየሽ፣ ይኼኛውን ይዘሽ ወጥተሽ ቢሆን ምናችንን እንከፍትበት ነበር?»

ዛሬ ቤቱ የብረት በር አለው። በኋላ የገዛናት የስፌት መኪናም የኔ ነች፤ እማዬ ዓይኗ ስለደከመ አጠገቤ ተቀምጣ ድምጿን እያዳመጠች «ዘይት ጠማት» ትለኛለች። በራችን የእንጨት፣ ጭንቀታችን የክፍል ልጆች ፉገራ ብቻ የነበረበት ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። አሁን ክፉ ወሬ በተሰማ ቁጥር ጎረቤቶቻችን በራቸውን ይፈትሻሉ። እኔ የምፈትሸው ጣሳው መሙላቱን ነው።