አራት የበረዶ ጎማ ለቬጋስ መኪና

ስንፋታ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናዋን። መንዳት አምሮኝ አይደለም፣ እሱ እንዳይነዳት ነው። ይህን ስናገር የማፍር የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ አስበልጦ የያዛትን ነገር ከእጁ ሳወጣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ባሌ የቬጋስ ዋና ጎዳና፣ ዘ ስትሪፕ ላይ ካሉት ካዚኖዎች ባንዱ ቫሌት ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያቆምና ሲያመጣ ይውላል፣ ቤት ሲገባ ደግሞ የራሱን ይወለውላል። ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ሰማያዊ የስፖርት መኪና ናት፤ ማርሿም በእጅ ነው የሚቀየረው። ውስጧ ምግብ አይበላም፣ ውሃ አይጠጣም። ጫማዬን አራግፌ ነው የምገባው። ከገበያ ስንመለስ ሽንኩርቱን በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርቤ፣ ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር የምመጣው፣ ወንበሩ እንዳይሸት። ልጅ አልወለድንም። እሷን ግን በወግ በማዕረግ አሳደግናት።

በ2020 ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እሱም ከቫሌቱ፣ እኔም ክፍል ከማጸዳበት ሆቴል ወጣን። አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርታማ ተፋጠን ተቀመጥን። ያን ጊዜ ነው ትዳራችን ያበቃለት። ሰው መሰብሰብ የሚፈራበት ወቅት ስለነበር ሽምግልናው የተደረገው አርትስ ዲስትሪክት ውስጥ፣ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ጀርባ ያለ ፓርኪንግ ላይ ነው። ሁሉም በየመኪናው፣ መስኮት ዘግቶ፣ በስልክ ኮንፈረንስ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው ሁለታችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሠርጋችን ላይ የመረቁን ሰው ናቸው። ጋሼ ሳያውቁት የስልካቸውን ድምፅ ዘግተው ሩብ ሰዓት ያህል መከሩን። በመስታወት አፋቸው ሲንቀሳቀስ እያየን ሁላችንም በአክብሮት ራሳችንን እንነቀንቅ ነበር፣ ደፍሮ የነገራቸው የለም።

እርቁ እንደማይሆን ሲገባቸው ወደ ንብረት ዞሩ። እሱ ቀደመና የቤቱን ዕቃ በሙሉ ትውሰድ፣ መኪናዬን ብቻ ተዉልኝ አለ። እኔም ዕቃውን በሙሉ ይውሰድ፣ መኪናዋን ብቻ ስጡኝ አልኩ። ፊቱ በመስታወቱ ውስጥ ሲጠቁር አየሁት። ብዙ ከተለመነ በኋላ በአንድ ነገር ተስማማ። መኪናዋን መያዝ ካቃተኝ ለሌላ ሰው አልሸጥም፣ ለእሱ እመልሳለሁ። ሽማግሌዎቹ ደግ አደረገ አሉ፣ እኔም እሺ አልኩ።

ለምን እንደተስማማ አውቃለሁ። በእጅ ማርሽ መንዳት የማልችል መስሎታል። በስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም እንጂ፣ እኔ መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ መሪው ትከሻ በሚገነጥል አሮጌ ፒክአፕ ነው። ጋሼ ቁልፉን በሳኒታይዘር ጠርገው ሰጡኝ። አስነስቼ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ አንዴም ሳላነጥራት በፊቱ አልፌው ወጣሁ። እሱ መኪናዋን አስረክቦ በአንደኛው ሽማግሌ መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

ሆቴሉ መልሶ አልጠራኝም። የቆየ የነርስ ረዳት ወረቀት ስለነበረኝ ያገኘሁት ቦታ ሁሉ አመለከትኩ። ቀድሞ የጠራኝ ዩታ ውስጥ፣ ሴዳር ሲቲ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ከቬጋስ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ ግን ተራራ ላይ ነው፤ ክረምቱ በረዶ ነው። ሦስት ቀን እዚያው እያደርኩ እሠራለሁ፣ አራት ቀን ቬጋስ እመለሳለሁ። መኪናዋ በረዶውን ካልቻለች ሌላ መኪና የምገዛበት አቅም የለኝም። ያን ጊዜ ሁለት ነገር አጣለሁ፤ ሥራዬንና በቀሌን። እውነቱን ለመናገር ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነበር።

ጋሼ ለሥራው እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ሲደውሉ ስለ መንገዱ ፍርሃቴን ነገርኳቸው። እሳቸውም ያለ ተንኮል፣ መኪናዋን የሚያውቃት እሱ ነው ብለው ደወሉለት። ማታውኑ መልሱን አመጡልኝ።

«ልጄ፣ ጠይቄልሻለሁ። ጎማው ኦል ሲዝን ነው፣ በረዶም ላይ ይሄዳል፣ ሌላ ጎማ ብላ ገንዘቧን አታባክን ብሏል። አየሽ፣ ክፉ ሰው አይደለም።»

እኔም ሞኟ ትንሽ ልቤ ራራ። አመሰግናለሁ በሉልኝ ብዬ ላክሁበት። ምስጋናዬን ሲሰማ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የታኅሣሥ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከሴንት ጆርጅ ከተማ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። በረዶ እንኳ አልወረደም፤ አስፋልቱ ላይ የጠዋት አመዳይ ብቻ ነበር። ወደ ከተማው ለመውጣት ከአውራ ጎዳናው ታጥፌ ፍሬን ስነካ የመኪናዋ ኋላ ከፊቷ ቀደመ። መሪውን አዞርኩ፣ ምንም። ዞረች፣ እንደገና ዞረች፣ በመጨረሻ አፍንጫዋን ወደመጣሁበት አድርጋ ቆመች። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ጡሩንባውን እየነፋ መጥቶ፣ ጥቂት ክንድ ሲቀረው ቆመ። የሾፌሩን ዓይን አየሁት፤ እሱም የኔን። እመብርሃንን ጠርቼ ወረድኩ። ያን ቀን ለአንዲት አሮጊት ሾርባ ሳጎርስ ግማሹን ደረታቸው ላይ ደፋሁት።

ቬጋስ እንደተመለስኩ ሄንደርሰን፣ ዋተር ስትሪት ዲስትሪክት አጠገብ ወዳለች ትንሽ ጎማ ቤት ሄድኩ። ጎማው አልቆ ይሆናል ብዬ ነው። ባለቤቱ ጉልበቱ ላይ ላስቲክ የታጠቀ ሽማግሌ ሜክሲኳዊ ነው። በርከክ ብሎ ጥፍሩን ጎማው ላይ ጫን አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። በዚህ ጎማ ተራራ ውጪ ያለሽ ማነው ብሎ ጠየቀኝ። አላለቀም፣ እንዲያውም ገና ነው፣ ጥሩና ውድ ጎማ ነው፤ ግን የሰመር፣ የሙቀት ጊዜ ጎማ ነው። የቬጋስ አስፋልት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ብርድ ሲነካው ግን እንደ ፕላስቲክ ሳህን ይደርቃል። የበረዶ ጎማ ጎኑ ላይ የተራራ ሥዕል፣ ተራራው ውስጥ ደግሞ የበረዶ ብናኝ ይኖረዋል አለኝ። የኔን ዙሪያውን እየዞረ አሳየኝ። የለም።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በረዶ በዓይኔ አይቼ አላውቅምና ማውንት ቻርልስተን ውሰደኝ ብዬ ለምኜው ነበር፤ ከቤታችን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። እምቢ አለኝ። የሰመር ጎማ ነው፣ ብርድ ላይ ይንሸራተታል፣ መኪናዬን ገደል ልክተታት እንዴ አለኝ። ሰበብ መስሎኝ አኩርፌ ተውኩት።

ጎማ ቤቱ ውስጥ ያለች ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ውሃ አመጣልኝ። ለመኪናዋ ሲሆን አዝኖ ከተራራው የከለከለ ሰው፣ ለእኔ ሲሆን ሂጂ አለኝ። ደንግጣ ትመልስልኛለች ብሎ ነው። ብሞትስ? አስቦበት ይሆን? ደሜ ፈላ። ቆይ፣ ልክህን ባላሳይህ አልኩ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፤ ሜክሲኳዊው ራሱን ነቀነቀ።

ንዴቴን ሁሉ ጎማ መምረጡ ላይ አወጣሁት። ሰውዬው በትዕግሥት አስረዳኝ። እውነተኛው ኦል ሲዝን ለቬጋስ ይበቃል፣ ለሴዳር ሲቲ ጥር ግን አይበቃም። ለስላሳው የበረዶ ጎማ ግግር በረዶ ላይ አንደኛ ነው፤ ሆኖም የመንገዴ ብዙው ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ቶሎ ይበላል፣ ኩርባ ላይም ይህቺን መኪና ያወዛውዛታል። ለስፖርት መኪና ተብሎ የሚሠራ፣ ጠንከር ያለ የበረዶ ጎማ አለ፤ ግግር ላይ ትንሽ ያንሳል፣ ደረቁን ግን ይችለዋል። እሱን መረጥኩ። መኪናዋን የሚገፋት የኋላ እግሯ ስለሆነ ሁለት ለኋላ ብቻ ብገዛስ አልኩት። ትሄጂያለሽ፣ ግን አትቆሚም፣ አትታጠፊምም አለኝ። ያንን የጭነት መኪና አስታወስኩና አራት ይሁን አልኩ።

ከዚያ ቸርኬው ቀረ። ለበረዶ ጠበብ ያለ ጎማ ነው የሚሻለው፣ ቸርኬውም ትንሽ ማነስ አለበት፤ የፍሬኑን ዕቃ እንዳይነካ ብቻ ይለካል። ሰውዬው ለመኪናዋ የሚያምር፣ ብርማ ቸርኬ አሳየኝ። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ጥቁር ብረት፣ ያለ ምንም ጌጥ፣ የጋሪ እግር የመሰለ ተደርድሯል። ያንን አልኩት። ያስጠላል እኮ አለኝ። ስለዚህ ነው የፈለግሁት አልኩት። ሳቀ። ሚስቱም ከፈታችው በኋላ እንደኔ ዓይነት ነገር እንዳደረገች ነገረኝ፤ ዝርዝሩን ግን አልተናገረም።

ጎማው ቬጋስ ውስጥ ስለማይገኝ ከሶልት ሌክ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። የዚያን ሳምንት ሺፍቴን ባልደረባዬ ሸፈነችልኝ፣ በኋላ የሷን ልሠራላት። ከዚያ በኋላ ግን መኪናዋ እንደ ፍየል ሆነች። በረዶው ሲወርድ ባለ ትልልቅ መኪኖች ዳር ይዘው ቆመው እኔ ቀስ ብዬ አልፌያቸዋለሁ። መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው እስከ መስኮቷ ድረስ ነጭ አድርጎ ቀባት። ሆን ብዬ አላጥባትም ነበር። ጫማዬን ከነበረዶው ይዤ እገባለሁ፣ ሳምቡሳ እየበላሁ እነዳለሁ፣ ፍርፋሪው ወንበሩ ስር ይገባል፣ እሰይ እላለሁ።

ይህ ሁሉ ግን አልበቃኝም። እሱ ካላወቀው ምን ዋጋ አለው? ጥር ላይ ለጋሼ ደወልኩና ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡልኝ አልኳቸው። ለእርቅ መስሏቸው ደስ አላቸው። አላረምኳቸውም።

እዚያው ፓርኪንግ፣ እዚያው በየመኪናችን ተሰበሰብን። በዚያ ሁሉ ጨውና በነዚያ ጥቁር ቸርኬዎች ስገባ እሱ በአንድ አሮጌ ሲዳን መኪና ውስጥ ሆኖ አየኝ። እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ለዚያች ደቂቃ ስል ክረምቱን ሙሉ ብነዳ አይቆጨኝም።

ስልኩ ተገናኘ። አመዳዩን፣ መሽከርከሩን፣ የጭነት መኪናውን ነገርኳቸው። ከዚያ ጋሼን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ አልኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ማውንት ቻርልስተን ውሰደኝ ስለው ለምን እምቢ እንዳለኝ።

ጋሼ ጠየቁት።  ሲያስብ ይታየኛል። አላውቅም ቢል፣ የመኪናዬን እያንዳንዱን ብሎን አውቃለሁ እያለ ሲኮራ የኖረበት አፉ ነው። አውቃለሁ ቢል ሽማግሌ በውሸት ልኳል። ጋሼ ደግመው ጠየቁት።

«ጎማው የሰመር ስለነበር ነው» አለ።

«እኔን ምን ብለህ ነው የላክኸኝ?» አሉ ጋሼ።

መሪው ላይ አቀረቀረ።  እኔ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ተራ በተራ ወቀሱት። ሲጨርሱ ጋሼ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ልጄ፣ ይቅርታ ይጠይቅሽ፣ አንቺም ይቅር በይው፣ እዚህ ላይ ይብቃ አሉ። ያለ እርቅ ሸንጎ ዘግተው የማያውቁ ሰው ናቸው። እኔም እምቢ ብያቸው አላውቅም። በል ተናገር አሉት።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደኔ ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የድሮዎቹን ጎማዎች ምን አደረግሻቸው?» አለኝ። «ጣልሻቸው እንዴ?»

 ለመናደድ እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ።

«አዎ፣ ጣልኳቸው» አልኩት።

ውይ አለ፤ ከልቡ ነው፣ ሰው እንደሞተበት።  ጋሼም፣ «ልጄ፣ ይቅር በይው ያልኩሽን ትቼዋለሁ» አሉ። «ሂጂ፣ መንገድሽን ሂጂ።» ስልኩን ዘጉት። ከመኪናቸው ውስጥ ሆነው አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ።

ጎማዎቹ ግን አልተጣሉም ነበር። ሜክሲኳዊው ያሳዝናሉ ብሎ በፕላስቲክ ጠቅልሎልኝ፣ በረንዳዬ ላይ ተደርድረው ነበር። ያን ቀን በትክክል ይቅርታ ቢለኝ፣ ና ውሰዳቸው ልለው አስቤ ነበር። ሽማግሌ ፊት መዋሸት ስለማልወድ፣ በማግስቱ ሁለት ምልልስ አድርጌ አራቱንም ጣልኳቸው።