ከዘፈኑ በኋላ የተባለችው ቃል

ደንበኞቹ «ሐኪሙ» ይሉታል። ድምፅ ማጉያም ሆነ ማይክሮፎን ወይም ኢርፎን፣ ብቻ ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሲታመም ወደ እሱ ይመጣል። ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ናት፤ ጎንበስ ብሎ ያልገባ ሰው ግንባሩን ይዞ ነው የሚወጣው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ደርሷል። ታላቅ ወንድሙ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው የሚለው፤ እሱም ደስ ይለዋል። ይለው ነበር ብንል ይሻላል።

ሐኪሙ የጠገነውን ሁሉ የሚፈትነው በአንድ ዘፈን ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀዳ ነው። ያኔ ወንድሙ ጊታር መቺና የባንዱ መሪ፣ እሱ ደግሞ ተቀባይ ነበሩ። ዘፈኑ አልቆ ማሽኑ ሳይዘጋ፣ ከካሴቱ ሹሹታ ሥር ወንድሙ አንድ ነገር ሲናገር ይሰማል፦ «እሱ በቅቷል»። ጊዜው ዋናው ዘፋኝ ባንዱን ሊለቅ የተሰናዳበት፣ የስቱዲዮው ባለቤት ደግሞ በቦታው ማንን እንደሚያዘፍን የሚመክርበት ነበር። መጨረሻ ላይ ከሌላ ሠፈር ሌላ ዘፋኝ መጣ። ወንድሙም፣ «እኔማ በቅቷል ብያቸው ነበር ማሙሽ፤ ሰውዬው ነው አሻፈረኝ ያለው» አለው። ካሴቱ ላይም ይኸው ይሰማል፤ ምን ጥርጥር አለው?

ሐኪሙ እቺን ሁለት ቃል ይዞ ኖረ። ሰው ሁሉ ባያውቀው ወንድሙ መስክሮለታል። ለዚህች ምስክርነት ሲል ሃያ ዓመት ማጉያውን ተሸከመለት፣ ገመዱን ጠቀለለለት፣ መኪናውን ነዳለት። ባንዱ ተበትኖ የወንድሙ ጣቶች በሪህ ሲያዙም ቤቱ አስገባውና መስኮት ያለውን ክፍል ለቀቀለት። ሚስቱ፣ «ቤቱ የማን እንደሆነ አንድ ቀን ትነግረኛለህ» እያለች ታሽሟጥጣለች። የስቱዲዮውን ባለቤት ግን ዓይንህን ላፈር እንዳለው ኖረ። ሰውዬው የሞተ ዕለት እንኳ ቀብር አልሄደም፤ ሱቁን ከፍቶ ሬዲዮ ሲፈታታ ዋለ።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት የመድረክ ድምፅ ባለሙያ መጣች። ከትንሽ የቆዳ ቦርሳ ከባቄላ እምብዛም የማይበልጡ ሁለት ፍሬዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዘፋኞች መድረክ ላይ ጆሯቸው ውስጥ የሚያደርጉት ሞኒተር ነው። ግራው ይቆራረጣል። አደራዎን፣ እንደ ሌላው ኢርፎን እንዳያዩት።»

«ኢርፎን ኢርፎን ነው ልጄ» አላት፤ እንዲህ ዓይነት ወሬ ብዙ ሰምቷል።

«ይስሙትና እናወራለን» ብላ ስቃ ወጣች፤ ነገ ጠዋት ልትመለስ።

ሕመሙ ቀላል ነበር፤ ገመዱ ከሶኬቱ አጠገብ ተበጥሷል። በየደና ስልኩ ላይ ሰካው። እሱ ዘንድ ያለው የዘፈኑ ቅጂ የሟቹ የስቱዲዮ ባለቤት ልጆች ከዋናው ቴፕ ገልብጠው ለባንዱ ሰዎች በየስልካቸው የላኩት ነው፤ እስካሁን የሰማው ግን በዚያው ሱቅ ውስጥ ባለው ኮተት ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ዝምታ ነው። ላስቲኩ ጆሮው ውስጥ ጥብቅ ሲል መንገዱም የጎረቤቱ የብረት መፍጫም ጠፉ፤ የገዛ ምራቁ ሲወርድ ተሰማው። ከዚያ ዘፈኑ ገባ። ባሱ ሆድ የሚደበድብ አልነበረም፤ የት ጋ እንደቆመ በጣት የሚያሳዩት ነበር። ከበሮ መቺው በስተቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ሳይቀር ይሰማል። የወንድሙ ጣት ክሩ ላይ ስትንሸራተት ፊጭ ትላለች። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ሐኪሙም ሳያውቀው አብሮት ሳበ። ከዚያ በስተግራ አንድ ወጣት ተቀበለ። ንጹሕ፣ ያልፈራ፣ ደርሶ የማይጮኽ ድምፅ። «ማነው ደግሞ ይሄ?» አለ ሐኪሙ። ራሱ ነበር።

ብቻውን ሳቀ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ሲጠግናቸው የኖረው ቆርቆሮዎች ሁሉ ይህን ልጅ አፍነውት ነበርና አንድ በአንድ ረገማቸው።

ዘፈኑ አለቀ። ሹሹታውን ሲጠብቅ አንድ ሙሉ ክፍል መጣለት። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ በካሴቱ ላይ አንድም ቀን ሰምቶት የማያውቀው የሟቹ ድምፅ፦

«ልጁ ግሩም ነው እኮ! ቀጣዩን ለሱ ብንሰጠውስ?»

የወንድሙ ድምፅ ዝቅ ብሎ መለሰ፦

«ተወኝ ባክህ። ለሱ በቅቶታል።»

«እሱ» አይደለም፣ «ለሱ» ነው። «በቅቷል» አይደለም፣ «በቅቶታል» ነው። ሹሹታው የበላው ሁለት ፊደል ነው። ሐኪሙ ደግሞ ሰማው። ግራና ቀኙን አቀያይሮም ሰማው። የሰው ተስፋ አይጣል ነው፤ ዕቃው ቢሳሳትስ ብሎ አራተኛ ጊዜ ሰማው። ዕቃው አልተሳሳተም። ሐኪሙ ያልሄደበትን የዚያን ሰውዬ ቀብር አስታወሰ።

ለምሳ ቤት ሲገባ ወንድሙ መስኮቱ ሥር ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይስሙ» ብሎ ሁለቱንም ፍሬዎች በጥንቃቄ ጆሮው ውስጥ አደረገለት።

ወንድሙ መጀመሪያ ተደናገጠ፤ ቀጥሎ ፊቱ በራ። መጮኹን ሳያውቅ፣ «እሰይ! ጣቴን ስማው ማሙሽ! እንዲህ ነበርኩ እኮ!» ይላል። የዘፋኙን ድምፅ አላነሳም፣ የተቀባዩንም አላነሳም። ዘፈኑ ሲያልቅ ዓይኑን ገለጠና ወደ መስኮቱ ዞረ። ሐኪሙ አንዱን ፍሬ ነቀለለት።

«መጨረሻ ላይ ያሉትን ሰሙት?»

«ሰማሁ።»

«በቅቷል አልኩ ነበር ያሉኝ።»

«እና ምን ልበልህ? ዘፋኝ ብትሆን ዓመት ሳትቆይ ጥለኸኝ ትሄድ ነበር። ማን ይዞኝ ይዞር ነበር?» አለ። «ድምፅህማ ከዘፋኛችንም ይሻል ነበር። ማን ያጣዋል? ለዚህ እኮ ነው።»

ይህች «ይሻል ነበር» ሐኪሙ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል ናት። መጣች፤ ስትመጣ ግን ደስታዋን የት ጥላ እንደመጣች እንጃ። መሳደብ አማረው። ውጣልኝ ማለት አማረው። ሁለቱም አፉ ላይ ደርሰው ተመለሱ።

«አሁን ያችን መሐል ላይ ያለችውን የጊታሯን ቦታ መልስልኝ» አለ ወንድሙ።

ሐኪሙ ገና ሳያስበው እጁ ሄዶ ፍሬውን መልሶ ከተተለት፤ ዘፈኑንም መለሰለት። ወንድሙን በዚያች ደቂቃ ጠላው። ያችን ታዛዥ እጁን ደግሞ ከወንድሙ አብልጦ ጠላት። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ በተቆለመሙ ጣቶቹ ጉልበቱን ይመታ ጀመር። ሐኪሙም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ጠበቀው።