ዝማሬ ፍለጋ የሄድኩበት እሑድ

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው ከአዲስ አበባ የወጣሁት። በምሄድበት ዕለት ምሽት እናቴ ሻንጣዬን ስታስር እኔ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ስመታ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ያስለቀሰኝ ከእሷ መለየቱ ሳይሆን ከመዘምራኑ መለየቱ ነው። እኛ ካቶሊኮች ብንሆንም ቅዳሴያችን በግዕዝ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም አለው። እኔ ደግሞ ፈጣሪን የማመልክ እየመሰለኝ ከበሮዬን ሳመልክ ነው ያደግሁት።

ሚኒያፖሊስ መጥቼ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ስከራይ፣ ቅርቤ ያለው ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ የለው፣ ጭብጨባ የለው። ቄሱ ያጉተመትማሉ፣ አሥር የማይሞሉ ሽማግሌዎች ያዛጋሉ። ቅዳሴው እንደ ሆስፒታል ሾርባ ጨው የለውም። እዚያ የምሄደው ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን የአሥመራዋን አደይ ለተብርሃንን በመኪናዬ ለማድረስ ብቻ ነበር። እሳቸው እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አይሰሙም፤ ግን እሑድ አይቀሩም። በድሮው ሥርዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የሚቆርቡት።

«አደይ፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ ምን ይጠቅምዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጌታን ልቀበል እንጂ ወሬ ልሰማ ነው እንዴ የምሄደው?»

አንድ የበረዶ እሑድ ጓደኛዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ውስጥ አሪፍ ኳየር ያለው ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ አለኝ። አደይን «በቀትሩ ቅዳሴ እደርስልዎታለሁ» ብያቸው ሄድኩ። ዝማሬው ሲጀመር ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ከዚያ ቡና መጣ፣ ዶናት መጣ። ከበሮ እንደምመታ ሲሰሙ «ልምምድ አለን፣ አብረኸን ቆይ» አሉኝ። ሰዓቴን አየሁ። ረስቼ አይደለም፤ አይቼ ነው የቀረሁት።

ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ የሕንፃችን ማናጀር በር ላይ ያዘኝ። አደይን ሁልጊዜ በነጭ ነጠላ ስለሚያያቸው ነርስ ይመስሉታል።

«ነርሷ ዛሬ ኦፍ ናት እንዴ?» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ሎቢ ተቀምጣለች። ቡና ብሰጣት እምቢ አለች።»

አደይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነበሩ። ከንፈራቸው ደርቋል።

«በረዶው ይዞህ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ» አልኩ። አፈርኩ፣ ግን አልኩት።

ደግፌ ቤታቸው ሳደርሳቸው ስልካቸው ጮኸ። እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ የምትደውል ልጃቸው ናት። ትንሽ አወሩና «የሚወስደኝ ልጅ ይኸውልሽ፣ አመስግኚው» ብለው ሰጡኝ።

«ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ቁርባን እንዳይቀርባት ነበር ጭንቀቴ። ዛሬም ቆረበች?»

አደይ ፊት ለፊቴ ቆመው ያዩኛል። እጅጌዬ ላይ የዶናት ስኳር አለ።

«ቆርበዋል» አልኩ።

አደይ ወደ ቧንቧው ሄዱ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዱ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጠጡ። ልጃቸው በስልኩ ውስጥ ገና እየመረቀችኝ ነበር።