ሦስተኛው ፈረቃ አይቆምም

በቼክ አገር፣ ናኾድ በምትባል ከተማ ዳርቻ ባለው ባለ አራት ፎቅ የኮንክሪት ሕንፃ፣ በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ በየማሞቂያው ላይ የተለጠፈችውን የመስታወት ቱቦ ያነባል። ማሞቂያው በሠራ ቁጥር ቱቦዋ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እየተነነ ይጎድላል፤ ማን ምን ያህል እንደሞቀ የሚታወቀው በዚያ ነው። የቭላስታ ሆላኖቫ ቱቦዎች ግን ዘንድሮም፣ ለሦስተኛ ዓመት፣ ከሞላ ጎደል እንደ ሞሉ ተገኙ። ውጭ በረዶው ጉልበት በሚደርስበት አገር አንዲት የስልሳ ሰባት ዓመት ሴት ማሞቂያ ሳትከፍት ከረመች ማለት፣ በጎረቤቶቿ ስሌት፣ ወይ ሞታለች ወይ ከሌላው ሙቀት ትሰርቃለች። እንዳልሞተች ሁሉም ያውቃል፤ ድምጿ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ይሰማል።

የሕንፃው ማኅበር ሊቀ መንበር ኢንጂነር ስላዴክ ሊያጣራ ወጣ። በሩ ላይ ጫማውን እንዲያወልቅ አደረገችው፤ የተቀደደ ካልሲውን እያየች እንዳላየች ሆና አሳለፈችው። ውስጥ ገብቶ ማሞቂያውን ቢነካው በረዶ ነው። ክፍሉ ግን እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። በግድግዳው ጥግ ስድስት ያረጁ ኮምፒውተሮች ተደርድረው ያጉረመርማሉ፤ ከበላያቸው የቭላስታ ካልሲዎች እንዲደርቁ ተሰጥተዋል።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ቭላስታ በከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት የሠራች ሸማኔ ናት፣ ያውም የሌሊቱ፣ የሦስተኛው ፈረቃ። ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኖቹ በኪሎ ለብረት ገዢ ተሸጡ፤ ሴቶቹም ተበተኑ። አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ፣ ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ለተመራማሪዎች ሊያውሰው እንደሚችል አነበበች። አንድ ትልቅ ስሌት ይቆራረጥና ቁራሹ በኢንተርኔት ለየቤቱ ይላካል፤ የየቤቱ ኮምፒውተር ቁራሹን ሠርቶ ይመልሳል። እሷ የመረጠችው እጅና እግር ለሚያንቀጠቅጠው በሽታ መድኃኒት የሚፈልጉትን ነው። ነገሩን ለመረዳት ማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ፋብሪካውም የሚሠራው እንደዚያው ነበር፤ እያንዳንዷ የድርሻዋን ትሸምናለች፣ ሙሉውን ሌላ ይገጥመዋል። መሥሪያ ቤቶች የጣሉትን ኮምፒውተር በጋሪ እየጎተተች ሰበሰበች፤ ቡድኑን «ሦስተኛ ፈረቃ» ብላ አስመዘገበች። ለእያንዳንዱም የሞተች የሥራ ባልደረባዋን ስም ሰጠችው። ትልቁና ጫጫታ የሚወደው ኦቲሊ ነው፤ ኦቲሊም በሕይወት ሳለች እንደዚያው ነበረች። ስድስቱ ከጠፉ ሦስተኛው ፈረቃ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ ማለት ነው። ቭላስታ አንዱን መዘጋት ዝም ብላ አይታለች፤ ሁለተኛውን ዝም ብላ ላታይ ምላለች።

የስርቆቱ ክስ ሲከሽፍ ኢንጂነሩ ሌላ ይዞ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት የአሥራ ሁለቱ ቤት ተወካዮች ምድር ቤት ባለው የልብስ ማድረቂያ ክፍል፣ በገመዶቹ ሥር ተቀመጡ።

ኢንጂነሩ ከእሳት ጀመረ። ቭላስታ በየሳምንቱ አቧራቸውን እንደምታራግፍ፣ ጭስ ሲኖር የሚጮኸውን መሣሪያ እንደገጠመች፣ እሱ ግን ቤቱ የዘይት መጥበሻ ምድጃ ላይ ትቶ ሁለት ጊዜ የእሳት አደጋ ሰዎችን እንዳስጠራ አስታወሰችው። መብራት ማባከን ነው ሲሏት፣ በክረምት እያንዳንዷ የመብራት ጠብታ ሙቀት ሆና እዚያው ቤቷ እንደምትቀር ነገረቻቸው። በበጋስ? በበጋ እውነታቸውን ነው፤ ለዚህ ነው አራቱን አጥፍታ ሁለቱን ብቻ የምታሠራው። አንዷ ጎረቤት ደግሞ የማታውቀው ሰው ገብቶ ፎቶዎቿን ቢበረብርስ አለች። ቭላስታ ኮምፒውተሮቹ ላይ ከስሌት በቀር አንድ ፎቶ እንደሌለ፣ ፕሮግራሙንም ከራሳቸው ከተመራማሪዎቹ ገጽ እንጂ ከየትም እንዳላወረደች አስረዳች። ለተነሣው ነገር ሁሉ መልስ ነበራት፤ ኢንጂነሩን ያበገነውም ይኸው ነው።

«የእርስዎ ስድስት ቆርቆሮ ባይኖር ዓለም ምን ይጎድልባታል?» አላት።

«የእርስዎ ድምፅ ባይኖርም ምርጫው ይካሄዳል፣ ኢንጂነር። ግን ሁሌ ከሰልፉ ፊት ነው የማገኝዎት።»

ሰው ሳቀ። ያልሳቀው ቦሁሚል ብቻ ነበር። ቦሁሚል ከቭላስታ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖር ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ተነሣ።

«የኔ ቦዤና ስድስት ዓመት እጇ ሲንቀጠቀጥ ኖራ ሞተች» አለ። «እነዚህ ሳጥኖችዎ ያኔም በግድግዳው በኩል ይሰሙኝ ነበር። ማንን አዳኑ?»

ቭላስታ ቦዤናን ትወዳት ነበር። ልታባብለው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

«እሷን አላዳኑም።»

«ሌላስ ሰው?»

«አላውቅም፣ ቦሁሚል። አብዛኛው ስሌት ‹በዚህ መንገድ አይሆንም› ብሎ ነው የሚመለሰው፤ እሱንም ቢሆን አንድ ሰው መሥራት አለበት። ሃያ ስምንት ዓመት ጨርቅ ሸመንኩ። አንድ ቀን እንኳ ማን እንደለበሰው አላየሁም። ግን ራቁቱን የሚሄድ ሰውም አላየሁም።»

ቦሁሚል ተቀመጠ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሰባት ለአምስት ተሸነፈች። ከአምስቱ እጅ አንዱ የራሷ ነው። የቦሁሚል እጅ ከኢንጂነሩ ጋር ነበር። ከሰኞ እኩለ ቀን ጀምሮ በአንድ ቤት ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ቀን ከሌት እንዳይሠራ ተወሰነ።

«በአንድ ቤት አንድ ይፈቀዳል ማለት ነው?» አለች ቭላስታ።

«አንድ ብቻ።»

«እንግዲያው እንደሱ ብለው ይጻፉልኝ፤ ይፈርሙበትም።»

ኢንጂነሩ ደስ ብሎት ጻፈ፣ ፈረመም። ቭላስታ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና እጃቸውን ወዳነሡላት አራት ጎረቤቶች ዞረች። ሰው በችኮላ የሚያነሣውን እጅ በችኮላ እንዲያወርደው አትፈቅድም። እዚያው ገመዱ ሥር ለአንዳንዳቸው አንዳንድ ኮምፒውተር መደበች፤ አንደኛዋ የላይኛው ፎቅ ነርስ፣ መኝታ ቤቷ እንደሚበርዳት ተናግራ ሞቅ የሚለውን አስመረጠች።

እሑድ ረፋድ አራቱ ወጡ። አንዱ ለራሷ ቀረ። ኦቲሊ ተረፈች። ቭላስታ ከፊቷ ተቀምጣ ስለየትኛው ዘመዷ ብታስብ ለኦቲሊ ጫጫታ ትዕግሥት ያለው አላገኘችም። ምርር ብሏት ሶኬቱን ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ የበሩ ደወል ጮኸ።

ቦሁሚል ነው። እንደ ቤቷ ደንብ የቤት ጫማውን በእጁ ይዞ መጥቷል። ጫማውን ቀይሮ ገባና ኦቲሊን አየት አደረጋት።

«በማጽናኛ ቢመልሱልኝ ኖሮ አልመጣም ነበር» አለ። «ሐኪሞቹ ስድስት ዓመት አጽናንተውኛል።»

ቭላስታ ወንበር አቀረበችለት። አልተቀመጠም።

«እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ያሳዩኝ። ደግሞም... የሳጥኑን ስም መቀየር ይቻላል?»

ቭላስታ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ የምትጠርገው መነጽሯን ብቻ አልነበረም።

«ኦቲሊ ትቆጣለች» አለች። «ግን ትለምደዋለች። ጥሩ ሰው ነበረች።»

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ኢንጂነሩ ውሳኔው መፈጸሙን ሊያይ መጣ። ጫማውን አወለቀ፤ ዛሬ ካልሲው አዲስ ነው። አንድ ኮምፒውተር ቆጠረ። ሌሎቹ የት ሄዱ ቢል «ሥራ ላይ ናቸው፣ በእርስዎ ፊርማ» አለችው፤ እነማን ቤት እንዳሉም አንድ በአንድ ነገረችው። አራት ቤት ጠራች። ኢንጂነሩ ሊወጣ ሲል ግን ከግድግዳው ወዲያ፣ ከእሱ ጋር ድምፅ ከሰጠው ሰው ቤት፣ ጉርምርምታ ሰማ።

«ያ ደግሞ ማን ነው?»

«ቦዤና ናት» አለች ቭላስታ። «ዛሬ ሥራ ጀመረች።»

ኢንጂነሩ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያዘ። ለማሰር ከወትሮው የበለጠ ጊዜ ወሰደበት።