ውሃውን ያሰላችው ሴት

ስብሰባው ላይ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት ሹራቧ ክርኑ ላይ ተጠግኗል፤ ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል። ጠዋት ወንዙ ድረስ ወርዳ ነው የመጣችው። ወንዙ ዳር ሊተከል የታሰበው የቆዳ ፋብሪካ ስንት ሰው እንደሚቀጥር፣ የታችኛው ሰፈር ውሃስ ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ያሰላችው እሷ ናት።

«ስሌትሽ ቢሳሳትስ?» አሏት አዛውንቱ ሰብሳቢ።

«ሊሳሳት ይችላል። የምጠራጠርበትን ቦታ ላሳይዎት» ብላ የስሌቷን ደካማ ጎን ራሷ አንድ በአንድ አስረዳች። «በጣም ዝቅተኛውን የብክለት ግምት ብንወስድ እንኳ ውሃው ልጆች የሚጠጡት አይሆንም።»

ለፋብሪካው ሌላ ቦታ እንዲፈለግ ተወሰነ።

ኮሪደሩ ላይ ስትደውል ሰማኋት።

«ወንድምዬ፣ ፋብሪካው እኛ ጋ መተከሉ ቀርቷል። ሥራ እገባለሁ ብለህ ስትጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ። አይተከል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የደወልኩት።»