ሁለቱም የእኔ አይደሉም

ልዩነቱን ማንም አይለየውም ይላሉ። ውሸት ነው። አንድ ሰው ለይተውታል። ለይተው ሲናገሩ ደግሞ ጆሮዎ ደክሟል ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ።

ይህን ለወዳጅ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። መጀመሪያ አምፕሊፋየር ምን እንደሆነ ማስረዳት ይኖርብኛል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የተናገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም አላመኑኝም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታርም ሆነ ቤዝ ጊታር ብቻውን ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሥጋ የሚያለብሰው የሚሰካበት አምፕሊፋየር፣ በአጭሩ አምፕ፣ ነው። አሁን አሁን ግን ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ዲጂታል ዕቃ መጥቷል፤ የብዙ አምፖችን ድምፅ ያስመስላል። ትሰካለህ፣ ቁልፍ ታዞራለህ፣ አለቀ። እኔ ማስመሰያው እለዋለሁ። ቡራዩ ውስጥ ከብረታ ብረት ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ሙዚቃ እቀርጽ በነበረበት ጊዜ እንደ እሱ የወደድኩት ዕቃ አልነበረም። በምጽፋቸው መጣጥፎችም ተሟግቼለታለሁ። «የድሮ አምፕ ነፍስ አለው» በሚሉት ሰዎች ላይ አላግጫለሁ፤ ነፍስን ከአሮጌ ዕቃ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ርቆት ነው ብዬም ጽፌያለሁ። አንባቢ ሳቀ። አንባቢ ሲስቅ ልክ የሆንኩ ይመስለኛል፤ አንዱ በሽታዬ ይህ ነው።

ኦቦ ገመቹ የሰበታ ሰው ናቸው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ በእረፍት ቀናቸው ቤዝ ይጫወታሉ። በፋብሪካው የታወቁት በጆሯቸው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና የትኛው ኩሽኔታ ሊሄድ እንደሆነ ገና ሳይሰበር ይናገራሉ። አምፓቸው ደጋግመው በእጃቸው የጠገኗት የድሮ ዕቃ ናት። እንደ ሴት ነው የሚጠሯት። ስፒከሯ አንድ ጊዜ ተቀዶ በሙጫ አጣብቀውታል፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ወፍራም ኖታ ላይ ሲደርሱ ታንኮራፋለች። እሳቸው ይህን አይደብቁም። እንዲያውም ዘፈኑ እዚያ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይጫወታሉ።

ሰናይት የምትባል የሱሉልታ ድምፃዊት የመጀመሪያ ዘፈኖቿን ልትቀረጽ ስትመጣ ቤዙን ኦቦ ገመቹ ካልተጫወቱት አለች። አምፗን ሚኒባስ እየቀያየሩ ከሰበታ ቡራዩ ድረስ አመጧት። እኔ ኤሌክትሪክ ጊታሩን በማስመሰያው ተጫወትኩ። ለእሳቸው ግን አምፗ ፊት ማይክ ደቀንኩ። ለመጠባበቂያ ደግሞ የቤዙን ንጹሕ ድምፅ፣ በአምፕ ሳያልፍ፣ በሌላ መስመር ያዝኩ። ይህ የሥራው ልማድ ነው፤ ኃጢአት የለበትም።

ከሄዱ በኋላ የማይኩን ቅጂ ሰማሁት። ከታች የብረት መቁረጫው ጩኸት ገብቶበታል፤ መብራት ሲዋዥቅ አምፗም አብራ ታዛጋለች። እና ማንኮራፋቷ። ንጹሑን መስመር ወስጄ በማስመሰያው አሳለፍኩት። አምሮ ወጣ። ደውዬ ላስፈቅዳቸው እችል ነበር፤ አልደወልኩም። ለምን አልደወልኩም? ጊዜ አጥቼ ነው? አይደለም። አይለዩትም ብዬ ነው። ባይለዩት ደግሞ ለሚቀጥለው መጣጥፌ ጥሩ መዝጊያ ይሆኑኛል ብዬ ነው።

በሳምንቱ ሁለቱም ሊያዳምጡ መጡ። ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ያቺ ኖታ ጋ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

«አቁመው እስቲ» አሉኝ። «እዚህ ጋ ታንኮራፋ ነበር። የታለች?»

ማይኩ አልያዛት ይሆናል አልኩ።

«ማይክ የሚይዘውን እኔም አውቃለሁ። ይሄ የኔ አይደለም።»

ሰናይት ዞራ አየችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ልክ ነዎት፣ ቀይሬዋለሁ፣ ማለት። እኔ ግን እንፈትሽ አልኩ። ሁለት ቅጂ አሰማዎታለሁ፤ አንዱ የእርስዎ አምፕ ነው፣ ሌላው ማስመሰያው ነው፣ ይለዩልኝ አልኩ። ከዚያም ያንኑ የማስመሰያውን ቅጂ ሁለት ጊዜ አጫወትኩ፤ ሁለተኛውን ትንሽ ከፍ አድርጌ። እውነተኛው ቅጂ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነበር። አልነካሁትም።

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ላብ ግንባራቸው ላይ አየሁ።

«ሁለቱም የኔ አይደሉም» አሉ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ልክ የነበሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ሳቅሁ። «ኦቦ፣ አንዱማ የእርስዎ ነው፤ ማይኩን እኮ ፊትዎ ነው የደቀንኩት» አልኳቸው። «የዚያ ፋብሪካ ጩኸት ጆሮዎን ሳይጎዳው አልቀረም። ቢታዩት ይሻላል።» ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በትሕትና ነው ያልኩት። አንቱ እያልኩ ነው የዋሸሁት። ሰናይት ድካም ይሆናል ብላ ልታጽናናቸው ሞከረች። ታውቅ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራታለሁ። ጥፋቴን የሚካፈለኝ ሰው ስፈልግ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማገኘው እሷን ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬንም እጠረጥረዋለሁ።

ኦቦ ገመቹ በቀረጻው ቀን ትተውት የሄዱትን ገመዳቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ። «ይሆናል» አሉ። ይዘውት ወጡ። እኔ ግን አላበቃሁም። መጣጥፉን ጻፍኩት፤ ስማቸውን ሳልጠራ፣ «በጆሯቸው የታወቁ አንድ ሰው» ብዬ። አንባቢ ሳቀ። ምናልባት አንተም ከሳቁት አንዱ ነህ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ለለቅሶ ሰበታ ሄጄ መናኸሪያው አጠገብ አገኘኋቸው። አካም ጅርታ ተባባልን። ሥራ እንዴት ነው ስላቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወራቸውን ነገሩኝ። ማን አዛወረዎ?

«ራሴ ጠይቄ ነው። ማሽን ውስጥ ሰው እጁን ያስገባል። ጆሮዬን ካላመንኩት እንዴት ብዬ ደህና ነው፣ ግቡ እላለሁ?»

ሐኪም ጋ ሄደው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሄድኩ። ደህና ነው አለኝ። የሱ ማሽን ግን ጢጥ ነው የሚለው፤ አያንኮራፋም።»

ሳቁ። ቤዙስ አልኩ። ተሰቅሏል አሉ። እኔም ደህና ይሁኑ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ያን ቀንም አልተናገርኩም፤ ይህን ሁለተኛ ጥፋት አድርገህ ያዝልኝ።

በሳምንቱ ኮምፒውተሬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማስመሰያውን፣ ፈተናውን፣ መጣጥፉን። እውነተኛውን ቅጂ ከፈትኩላቸው። ያቺ ኖታ ጋ ደረሰና አምፗ አንኮራፋች፤ የብረት መቁረጫው ከኋላ እየጮኸ፣ ጥርት ብላ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ሲያልቅ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልታጽናናኝ ነው የመጣኸው። ደግ ነህ» አሉ። «ያኔ አንዱ የእርስዎ ነው አልከኝ። ዛሬ ሁለቱም አልነበሩም ትለኛለህ። ይህኛው ነው ብለህ ደግሞ ሦስተኛ ታሰማኛለህ። በየትኛው ጆሮዬ ልለየው?»

ማስረጃዬን የሚመዝነው ጆሮ ያበላሸሁት ጆሮ ነው። አይ፣ ጆሮው ደህና ነው፤ ያበላሸሁት ባለቤቱ በእሱ ላይ የነበራቸውን እምነት ነው። በመብራት ላሳብብ? በብረት መቁረጫው? በዕቃው? ዕቃው ያዘዝኩትን አስመሰለ እንጂ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልክ መሆን ከእውነት በልጦብኝ ነው የዋሸሁት። ይህን ስጽፍም ዓረፍተ ነገሩ አምሮልኝ እንደሆነ እያየሁ ነው። አትመነኝ።

ይቅርታህን አልፈልገውም፤ አንተ ምን ሆነህ ይቅር ትለኛለህ? የምፈልገው ጆሮህን ነው። ቅጂዎቹ እኔ ዘንድ አሉ። ና፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግርህ ስማቸው። ከለየሃቸው አብረን ሰበታ እንሄዳለን፤ እኔ በር ላይ እቆማለሁ፣ አንተ ገብተህ ልክ እንደነበሩ ንገራቸው። ካልለየሃቸው ግን ቤትህ ቅር፤ እሳቸውን ዳግመኛ የሚያጠራጥር ሰው ይዤ አልሄድም።